የልብስ ሰፊው ራኬት

ሀብተ ወልድን ደም ግፊት የጣለው ለሚሊኒየሙ በዓል ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩ፣ ክረምቱ ገና ሳይወጣ ነው። ተክለ ሃይማኖት ባለው የቀበሌ ቤቱ በረንዳ ላይ፣ የስፌት መኪናው ፊት ተቀምጦ የደንበኛ ሱሪ እያጠበበ ሳለ ወደ ቀኝ ዘንበል አለ። ልጁ ሔርሜላ የወደቀ መርፌ የሚፈልግ መስሏት ነበር። ዘንበል እንዳለ ሲቀር ነው የጮኸችው።

ከሆስፒታል ሲመለስ ቀኝ እጁና ቀኝ እግሩ አይታዘዙትም። አፉ ወደ አንድ ወገን ጠመም ብሏል፤ ቢሆንም ሲናገር ይሰማል። ሐኪሙ በግራ እጁ እንዲበላ፣ ትራስ ተደግፎ እንዲቀመጥ፣ ቀስ በቀስም ለመቆም እንዲሞክር ነግሮት ነበር። ሀብተ ወልድ ግን አንዱንም አላደረገም። ዕድሜውን ሙሉ ጨርቅ ሲቆርጥበት የኖረው ቀኝ እጁ ደረቱ ላይ እንደ ባዕድ ተጋድሞ ሲያየው፣ ደህናውንም ግራ እጁን አብሮ የተወው ይመስል ነበር። ሚስቱ በለጥሻቸው በማንኪያ ታጎርሰዋለች፤ ይውጣል። ታገላብጠዋለች፤ ይገላበጣል። ጠያቂ ሲመጣ ዓይኑን ይጨፍናል።

መስከረም ሲጠባ ዝናቡ አባራ፣ ፀሐይ ወጣች፣ ዝንብም አብሮ ወጣ። ከግቢው አጥር ጀርባ የሰፈሩ የቆሻሻ ገንዳ አለ። የቤቱ አንድ መስኮት የሚከፈተው ደግሞ ወደዚያው ነው። ዘግተውት እንዳይውሉ በሽተኛው አየር ይፈልጋል፤ ከከፈቱት ዝንቡ ይግተለተላል። ዝንቦቹ ከቤቱ ሰው ሁሉ ሀብተ ወልድን መረጡ። ከእሱም የማይሰማውን ቀኝ ጉንጩን፣ ምራቅ የሚያመልጥበትን የከንፈሩን ጠርዝ። ሔርሜላ አንድ ቀን ከውጭ ስትገባ ሦስት ዝንቦች የአባቷ ፊት ላይ ተኮልኩለው እሱ ጣራውን ሲያይ አገኘችው። ወደ ጓዳ ገብታ አለቀሰች።

ያልሞከሩት ነገር አልነበረም። ፍሊት ቢነፉ ሳሉ እስኪያልበው ድረስ አንፈራፈረው። መስኮቱ ላይ ስስ ጨርቅ ቢወጥሩ በበሩ ገቡ። በመጨረሻ በለጥሻቸው አጎበር ገዝታ አልጋው ላይ ሰቀለች። ሀብተ ወልድ ነጩ አጎበር ዙሪያውን ሲወርድበት አየና ከስንት ቀን በኋላ አፉን ከፈተ።

«ከነነፍሴ ገነዛችሁኝ» አለ።

አጎበሩ ወዲያው ወረደ።

ከዚያ ወዲያ የቀረው ጭራ ነው። በለጥሻቸው አልጋው አጠገብ በርጩማ አስጠግታ፣ ጭራዋን ይዛ፣ ከጠዋት እስከ ማታ ዝንብ ታባርርለት ጀመር። መርካቶ፣ በርበሬ በረንዳ የምትቸረችርበት ቦታ አላት፤ ኮረሪማና ነጭ አዝሙድ፣ እርድና ቁንዶ በርበሬ ትሸጣለች። ቦታውን አጠገቧ ለምትሸጠው ለያለምወርቅ አደራ ሰጥታ ቤት ዋለች። ሔርሜላ ደግሞ የአባቷን የስፌት መኪና ይዛ ዚፕ መቀየር፣ ሱሪ ማሳጠር ያዘች። መስፋት ትችላለች። ጨርቅ ላይ መቀስ ማሳረፍ ግን ትፈራለች፤ መቁረጥ ምን ጊዜም የአባቷ ሥራ ነበር። እሱ ደንበኛውን ከእግር እስከ ራሱ ተመልክቶ፣ ሜትሩን ለይስሙላ ያህል አስጠግቶ የሚቆርጥ ሰው ነበር። ስለዚህ አዲስ ልብስ የሚያሰፋ ሲመጣ «አባቴ እስኪሻለው» እያለች ትመልሰዋለች።

ከጎረቤታቸው ከጀማለዲን ግድግዳ ብቻ ነው የሚለያቸው። ሰባተኛ አካባቢ የቤት ውስጥ ዕቃ በጅምላ የሚያከፋፍል የስልጤ ሰው ነው። ሚስቱን ጠይባን ያገባ ጊዜ የለበሰውን ኮት የሰፋለት ሀብተ ወልድ ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ቤቶች በደስታም በኀዘንም ተለያይተው አያውቁም። ጀማለዲን በዚያ ሰሞን ከባትሪ መብራትና ከጃንጥላ ጋር ተቀላቅሎ የመጣ አንድ ካርቶን ዕቃ አልሸጥ ብሎት ነበር። ዕቃው የቴኒስ ራኬት ይመስላል፤ ክር የሚሆንበት ቦታ ግን ሽቦ ነው። እጀታው መብራት ላይ ተሰክቶ ይሞላል። ቁልፉን ተጭነው ሽቦውን ዝንብ ሲያስነኩት ጧ ብሎ ይገድለዋል። ቸርቻሪዎቹ እያገላበጡ አይተው የልጆች መጫወቻ እየመሰላቸው ይተውታል። ጀማለዲን ራሱም ካርቶኑን ወደ ጥግ ገፍቶት ነበር።

ረመዳን ገብቶ ስለነበር ሱቁን ቀደም ብሎ እየዘጋ ለማፍጠር ወደ ቤቱ ይመጣል። አንድ ቀን በመንገዱ ሀብተ ወልድን ሊጠይቅ ጎራ አለ። ወንበር ስቦ ተቀመጠ። በለጥሻቸው እያነጋገረችው ጭራዋን ትወዘውዛለች። ክንዷ ሲዝል ወደ ሌላው እጇ ታዛውረዋለች፤ ሀብተ ወልድ ዓይኑን ጨፍኗል። ጀማለዲን ብዙም አልቆየ። በማግስቱ ከካርቶኑ አንድ ራኬት አውጥቶ፣ ሱቁ ውስጥ ባትሪውን ሞልቶ፣ በብብቱ ይዞት መጣ።

ለበለጥሻቸውና ለሔርሜላ አሠራሩን አስረዳቸው። መስኮቱ ላይ ያረፈች አንዲት ዝንብ ላይ አስጠግቶ ቁልፉን ሲጫን ጧ አለና ዝንቧ ወደቀች። በለጥሻቸው ደንግጣ አማተበች፤ ይህ ነገር ሰው ቢነካ አይገድልም ወይ ብላ ጠየቀች። ጀማለዲን ምንም እንደማያደርግ ነገራት። እንዳላመነችው ሲያይ ሊያሳያት ብሎ ቁልፉን እንደተጫነ በሌባ ጣቱ ሽቦውን ነካ።

ነክቶት አያውቅም ኖሯል። ከወንበሩ ተፈናጠረ። ቆቡ ከራሱ ላይ ወድቆ አልጋ ሥር ገባ፤ ጣቱን እያራገፈ፣ የፆም አፉን ላለማበላሸት የመጣበትን ቃል ዋጥ አድርጎ፣ ቤቱን አንድ ጊዜ ዞረው።

ያን ጊዜ ከአልጋው የተቆራረጠ ድምፅ መጣ። በለጥሻቸው ሕመሙ ተመልሶ የጣለው መስሏት ጭራዋን ጥላ ተወረወረች። ትከሻውን ይዛ ፊቱን ስታይ ግን ሀብተ ወልድ እየሳቀ ነው። የሚስቀው በግማሽ ፊቱ ስለነበር ሳቅ መሆኑን ለመለየት ጊዜ ወሰደባቸው። እንባው በጉንጩ እየወረደ ነበር። ጀማለዲንም አየውና ጣቱን እንደያዘ አብሮት ሳቀ።

በለጥሻቸው ራኬቱን ተቀብላ ወደ ሥራ ገባች። አንዱን ዝንብ ከብርድ ልብሱ ላይ፣ ሌላውን ከትራሱ ጫፍ። ጧ የሚለው ድምፅ ከጆሮው አጠገብ በተሰማ ቁጥር ሀብተ ወልድ ይሸማቀቃል። ሳቁ ከፊቱ ጠፋ። ትንሽ ከታገሠ በኋላ ግራ እጁን ከብርድ ልብሱ ሥር አወጣና ዘረጋው።

«ለእኔ ስጪኝ» አለ።

እሷ አልሰጥም አለች። ደካማ ነህ፣ ልብህን ቢመታውስ፣ ቢወድቅብህስ እያለች ራኬቱን ወደ ኋላዋ ደበቀችው። የተዘረጋው እጅ ግን አልታጠፈም።

«ይስጧቸው እትዬ በለጥሻቸው» አለ ጀማለዲን። «እኔን ነክቶኝ ይኸው ቆሜያለሁ።»

ሰጠችው።

የመጀመሪያው ቀን አልቀናውም። አውራ ጣቱ ቁልፉን ሲያገኝ ራኬቱ ይጋደላል፤ ራኬቱን ሲያቀና ጣቱ ከቁልፉ ይንሸራተታል። ዝንብ አየሁ ብሎ ሲሰነዝር የውኃ ብርጭቆውን ከኮሜዲኖው ላይ አውርዶ ሰበረው። ጀማለዲን ሊያፈጥር ሲሄድ ሀብተ ወልድ ገና ይታገል ነበር። በለጥሻቸው እንዲያርፍ ብትለምነው እንዳልሰማ ሆነ። ተኝቶ ክንዱን በደንብ ማንሳት እንደማይችል የገባው ያን ጊዜ ነው። ሔርሜላን ጠርቶ ትራስ እንድትደርብለት አዘዛት። ሐኪሙ ሲለምነው እንቢ ያለውን፣ እናትና ልጅ ስንት ቀን ያባበሉበትን ነገር ራሱ ጠየቀ፤ ተደግፎ ተቀመጠ። ሔርሜላ ነገሩን እንዳታስታውሰው ፈርታ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ትራሱን አስተካክላለት ወጣች።

እያደር ዝንቡን ማጥናት ጀመረ። ዝንብ በሚያሳድደው ሰው እጅ እንደማይገባ ገባው። ራኬቱን ሲሰነዝሩ ነፋሱ ስለሚቀድም ታመልጣለች። ስለዚህ መሰንዘሩን ተወው። ዝንቧ ስታርፍ ራኬቱን ከበላይዋ በቀስታ አስጠግቶ፣ እጁን አጽንቶ ይጠብቃል። ስትነሣ ራሷ ሽቦው ላይ ታርፋለች። እጅ አጽንቶ መጠበቅ ደግሞ ከባድ ነው፤ ግራ እጁ በመጀመሪያ እንደ ቅጠል ይንቀጠቀጥ ነበር። ከሰዓት በኋላ ክንዱ ሲዝል ጉልበቱ ላይ ያሳርፈውና ዝንቦቹን በዓይኑ ብቻ ይከተላቸዋል። ማታ ሔርሜላ ራኬቱን ግድግዳው ላይ ትሰካለታለች። መብራት የጠፋ ዕለት ባትሪው እንዳያልቅ እየመረጠ ነው የሚገድለው፤ ሌላዋን ይምራታል፣ ጉንጩ ላይ የምታርፈውን ግን አይምራትም።

በደመራ ሰሞን ከአልጋው ወርዶ ወንበር ላይ መዋል ጀመረ። ከዚያ ወንበሩ ወደ በሩ ተጠጋ። ከዚያም ጀማለዲንና ሔርሜላ ደግፈውት በረንዳው ላይ፣ የስፌት መኪናው አጠገብ ተቀመጠ። የግቢው ሰው ጧ ሲል በሰማ ቁጥር ከየቤቱ ብቅ እያለ እንዴት ዋሉ ይለዋል፤ እሱም ይመልሳል። ዓይኑን መጨፈኑን ረስቶት ነበር። ማንኪያም በዚያ ሰሞን ነው በራሱ እጅ የያዘው። ማንም አላዘዘውም። በለጥሻቸው ልታጎርሰው ስትል ማንኪያውን ከእጇ ወስዶ ሾርባውን ግማሹን ለአፉ፣ ግማሹን ለሸሚዙ አዳረሰና ጨረሰ።

በለጥሻቸው ግን ከበርጩማዋ አልተነሣችም። እሱ በረንዳ ሲወጣ በርጩማውን ይዛ ተከተለችው። ጭራዋን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ትቀመጣለች፤ ያመለጠችው ዝንብ ካለች እሷ ታባርራለች። አንድ ቀን ከሰዓት ነጠላዋ ትከሻ ላይ ዝንብ አረፈች። ሀብተ ወልድ አድኖ የለመደ እጁ ቀደመውና ራኬቱን አስጠጋ። ዝንቧ አመለጠች፤ ሽቦው የበለጥሻቸውን አንገት ነካ። ጮኻ ተነሣች። እሱ ይቅርታ ጠየቀ፤ ነገር ግን ያንን ብቻ ብሎ አላበቃም። እዚህ ምን ያስቀምጥሻል፣ ወደ ሥራሽ ሂጂ እንጂ አላት።

አንገቷን ከነካት ሽቦ ይልቅ ይህ አቃጠላት። ጭራዋን በርጩማው ላይ አስቀምጣ ወደ ግቢው ቧንቧ ሄደች። ሔርሜላ ባልዲ ይዛ ስትመጣ እናቷ ውኃው እየፈሰሰ ፊቷን ስትታጠብ፣ ደግሞ ስትታጠብ አገኘቻት። ምን ሆነሽ ብላ ስትጠይቃት፣ አባትሽ አባረረኝ አለቻት። ሽንቱን እየደፋች፣ ሌሊት እየተነሣች፣ ክንዷ እስኪያብጥ ዝንብ ስታባርርለት ከርማ፣ አሁን ትንሽ ሲሻለው ሂጂ ማለቱን እያነሳች አለቀሰች። ሔርሜላ ቧንቧውን ዘግታ አብራት ቆመች።

አመሻሹ ላይ ሀብተ ወልድ ሚስቱን አስጠራት። መጥታ ፊት ለፊቱ ቆመች፤ በርጩማው ላይ አልተቀመጠችም። እሱ ቃሉ ስለሚጎተትበት ቀስ ብሎ ነው የተናገረው።

«አጠገቤ ተቀምጠሽ ዝንብ ስታባርሪልኝ ዓይኔን የምጨፍነው ተኝቼ አልነበረም» አለ። «አንቺን እንዳላይ ነው። ክንድሽ ሲዝል፣ እጅ ስትቀይሪ፣ ያንን ማየት አልቻልኩም። አሁን ይኸው ራሴ እችላለሁ። ያለምወርቅ ደንበኞችሽን ከመውሰዷ በፊት ሂጂልኝ፤ ማታ ደግሞ ነይና የዋልሽበትን አውሪኝ። ጣራ ሳይ ነው የከረምኩት፤ ወሬ ናፍቆኛል።»

ኩራዝ የምታክል አንዲት አምፖል በረንዳው ላይ በርታ ነበር፤ በለጥሻቸው ሥሯ ቆማ የሸሚዙን ክፍት ቁልፍ ልትቆልፍለት እጇን ሰደደች። ከዚያ ትታው፣ እሱ በግራ እጁ እየታገለ ሲቆልፈው ቆማ አየች። ቁልፉ አልገባ ብሎ ቆየ። ሲገባ ሁለቱም ቀና አሉ።

በማግስቱ ጠዋት ዘንቢሏን ይዛ ወጣች። ማታ ስትመለስ ልብሷ ሁሉ በርበሬ በርበሬ ይሸት ነበር፤ ሀብተ ወልድ አከታትሎ አስነጠሰው። የያለምወርቅን ነገር፣ የኮረሪማን መወደድ፣ አንድ ተሸካሚ የደፋውን ጆንያና የተነሣውን ግርግር እየሳቀች አወራችው። እራት እስኪቀርብ አላባሩም።

የጀማለዲንም ካርቶን በዚያው ሰሞን ተንቀሳቀሰ። በግቢው በር የሚያልፍ ሁሉ ልብስ ሰፊው በተቀመጠበት ዝንብ ሲጥል እያየ ከየት አመጡት ይላል፤ ሀብተ ወልድም ወደ ሰባተኛ ይጠቁማል። መጀመሪያ ጭማቂ ቤቱ ወሰደ፣ ቀጥሎ ሥጋ ቤቱ፣ ከዚያ ሕፃን ያላቸው እናቶች። ቀድሞ ትተውት የሄዱት ቸርቻሪዎች ራሳቸው መጥተው ጠየቁ። ጀማለዲን ሌላ ካርቶን ሲያስመጣ ለሀብተ ወልድ ጠንከር ያለ አዲስ ራኬት ይዞለት መጣና ሽቦው የላላውን አሮጌውን ወሰደ። ለእያንዳንዱ ገዢ ሽቦውን በጣት መንካት እንደማይገባ አደራ ይላል አሉ።

አረፋ ሲቃረብ ጠይባ መርካቶ ውስጥ ስትዞር የመረጠችውን አረንጓዴ ጨርቅ ታቅፋ ወደ ጎረቤቷ መጣች። ለበዓሉ ከባሏ ጋር አገር ቤት ትሄዳለች፤ እህቶቿ ፊት የምትለብሰው ቀሚስ ትፈልጋለች። ሔርሜላ እንደለመደችው «አባቴ እስኪሻለው» ልትል አፏን ስትከፍት ጠይባ ቀደመቻት።

«ጋሼ ሀብተ ወልድ ይኸው ተቀምጠዋል» አለች። «እሳቸው ካልቆረጡት እንደ ጨርቅነቱ ይዤው እሄዳለሁ።»

ሔርሜላ አባቷን አየችው። እሱ ጨርቁን አየ። ራኬቱን ከጭኑ ላይ አንስቶ ወንበሩ ሥር አስገባና ጠመኔ አምጪ አላት።

ጨርቁን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችለት። ጠይባን ዞር በይ አላት፤ ዞረች፤ ተመለሽ አላት፤ ተመለሰች። በመቀጠል ጠመኔውን በግራ እጁ ይዞ ጨርቁ ላይ አጎነበሰ። የመጀመሪያው መስመር ተንሻፈፈ። በክንዱ ጠረገው። ሁለተኛውም ተንሻፈፈ፤ እሱንም ጠረገው። ከዚያ እጁን ጨርቁ ላይ አሳርፎ ትንፋሹ እስኪረጋጋ ጠበቀ። ያን ጊዜ ያሰመረው መስመር ከብብት እስከ ወገብ ሳይንሻፈፍ ወረደ። እንደ ድሮው አልነበረም፤ ድሮ ባንድ ትንፋሽ ያሰምረው የነበረውን አሁን እያረፈ ነው ያወረደው። ሔርሜላ ግን ከዚያ በላይ ቀጥ ያለ መስመር አልጠየቀችም።

«ቁረጪ» አላት።

«አባዬ፣ ባበላሸውስ?»

«መስመሩ የኔ ነው። ከተበላሸ እኔ ነኝ ያበላሸሁት። ቁረጪ።»

መቀሱን አነሣች። ጨርቁ ውስጥ ሲገባ ከንፈሯን ነክሳ ነበር፤ ወገቡ ጋ ስትደርስ ግን ከንፈሯን ለቅቃ፣ ምላሷን ወደ ጉንጯ አድርጋ፣ ልክ እንደ አባቷ ትቆርጥ ጀመር።

ቀሚሱ ያለ እንከን አልወጣም። አንደኛው እጅጌ ከሌላው ስለረዘመ መፍታት ነበረባቸው። አንገቱም ሰፍቶ በጥልፍ አጠበቡት። ጠይባ ለብሳው ስትወጣ ግን ጀማለዲን በረንዳው ሥር ቆሞ እሱም ዞር በይ አላት። ከአገር ቤት ስትመለስ ለእህቶቿ የሚሆን ሁለት ልክ በክር ቋጥራ፣ ጨርቅ ይዛ መጣች። ከሰፈሩም አንድ አንድ እያለ አዲስ የሚያሰፋ ይመጣ ጀመር።

አሁን አባትና ልጅ የሚጨቃጨቁበት ነገር አያጡም። እሱ ትከሻው ይጥበብ ይላል፤ እሷ ዘንድሮ ሰፋ ያለ ነው የሚለበሰው ትላለች። አንድ ቀን ለያለምወርቅ ኮት ጨርቅ ዘርግተው በዚሁ ሲከራከሩ፣ እሱ ያሰመረውን ሔርሜላ ዝም ብላ ጠረገችና የራሷን መስመር አወረደች። ጠይቃው አልነበረም። ሀብተ ወልድ ጠመኔ የነካውን ጣቱን እያሻሸ መስመሯን ከላይ እስከ ታች በዓይኑ ተከተለው። በለጥሻቸው ዘንቢሏን ይዛ ከገበያ የገባችው በዚህ መሐል ነው። ሁለቱ ጨርቅ ላይ ሲያፈጡ አየችና ምን ተፈጠረ ብላ ጠየቀች።

«ልጅሽ ቆራጭ ሆናለች» አለ ሀብተ ወልድ፣ ወንበሩን ወደ ኋላ እየገፋ። «ቦታ ልልቀቅላት።»